ሽታው የጠፋበት ኩሬ

ጥር 6

...ከዚያ እናቴ ቅሉን ማድጋው ውስጥ ነክራ ታወጣዋለች። እንግዳው ቆሞ ይጠብቃል። ገና አትሰጠውም። መጀመሪያ ራሷ አንዴ ትጎነጫለች፣ ከዚያ ታቀብለዋለች። እኛ ዘንድ ውሃ ሰጪ ሳይቀምስ አይሰጥም። ይሄ አይገድልህም፣ ጠጣ፣ ያንተ ነው ማለት ነው። እንግዳው ማን ነበር? ፊቱ ጠፍቶብኛል። የእናቴ ጉሮሮ ከፍ ዝቅ ሲል ብቻ ነው የሚታየኝ...

ምን አመጣብኝ ዛሬ?

ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሳቦካ ዋልኩ። ሸክላ አፈር፣ ፉርሽካ፣ ሞላሰስ የሚሉት ጥቁር የስኳር አተላ፣ ከበርሜሉ ደግሞ እንደ እርሾ ያለው ያ ኮምጣጣ ፈሳሽ። ብርቱካን አሳክሎ ማድበልበል፣ ጥላ ውስጥ መደርደር፣ ጆንያ ማልበስ። አለቃዬ ናዝሬት እጅጌዋን ሰብስባ አብራን ታድበለብላለች። "ነጭ ሻጋታ ካወጣ ደርሷል። ጥቁር ካወጣ ጣዪው፣ እንዳታዝኚለት" ትላለች። ከደገኛ እንዲህ እጁን ጭቃ ውስጥ የሚከት ብዙ አላየሁም።

ኳሶቹ ኩሬው ውስጥ ይጣላሉ። ውስጣቸው ያሉት በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ከታች የተኛውን ዝቃጭ ይበሉታል። አረንጓዴው ይለቃል፣ ሽታው ይጠፋል፣ ዓሣው ይተነፍሳል። ሌላ አገር ተሠርቷል። ይሠራል።

ኩሬው በኢታንግ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ባሮ ክረምት ሲሞላ ይሞላል፣ ባሮ ሲመለስ እሱ ሳይመለስ ይቀራል። ከዚያ የሰፈሩ ሽንት ቤት፣ የከብት ደም፣ ላስቲክ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው። መኪና የሚያልፍ ሰው መስኮት ይዘጋል። ታናሽ እህቴ አባንግ ቤቷ እዚያው ዳር ነው። ስድስተኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለቱ ሳይደርሱ ወጡባት። ይሄኛውን ስሙን እንኳ አናነሳም። "እሱ" አንልም፣ "እሷ" አንልም። ዝም ነው የምንለው።

በአማርኛ የምጽፈው አባንግ አማርኛ ስለማታነብ ነው። ለምን ከእሷ እንደምደብቅ ግን አላውቅም።

ጥር 9

ስብሰባ። ኩሬው ዳር፣ ከማንጎው ሥር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን በነጠላ፣ በመዳፍ...

ሽማግሌው ኦቹዶ ከፊት ተቀመጡ። በዚያ ሰፈር እሳቸው እሺ ካላሉ ማንም እሺ አይልም። ናዝሬት በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ ወደ አኙዋ እመልሳለሁ። "ረቂቅ ተሕዋስያን" ስትል ቆምኩ። ምን ልበለው?

"ትሎች ናቸው?" አሉ ኦቹዶ።

"ከትል ያንሳሉ አባቴ። አይታዩም። ግን ደጎች ናቸው።"

"የማይታይ ነገር ደግ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

ከሴቶቹ መሀል አንዷ፣ "እንደ አባንግ ባል ነዋ! እሱም አይታይም፣ ደግ ነው ትለናለች!" አለች። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባንግም ሳቀች። ባሏ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጥበቃ ነው፣ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው።

ሳቁ ሲያልቅ ከኋላ የአንድ ሰው ድምፅ መጣ። "መርዝ ቢሆንስ? መሬቱን ፈልገውት ቢሆንስ?" ማን እንዳለው አላየሁም። ከዚያ ዝምታ። እንዲህ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ኦቹዶ እኔን አዩኝ። "አንቺ የኛ ልጅ ነሽ። ቅመሺው።"

ለናዝሬት ነገርኳት። "ቅመሺያ! እርሾ በይው፣ ምንም አያደርግሽም" አለች። ደስ አላት እንዲያውም። ይዘን ከመጣነው በርሜል በኩባያ ቀዳሁ። ኩሬው ዳር ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ጠጣሁ። ኮምጠጥ ጣፈጥ ይላል። ኦቹዶ ጉሮሮዬን ነበር የሚያዩት።

"በቃ" አሉ። "ቀመሰች።"

አጨበጨቡ። ናዝሬት መኪና ውስጥ እጄን ይዛ፣ "ዛሬ ሥራውን ሁሉ የሠራሽው አንቺ ነሽ" አለችኝ። 

የጠጣሁት የበርሜሉን ነው። የኩሬውን አይደለም። ይሄን ለምን እጽፋለሁ? ማን ጠየቀኝ?

ጥር 13

ኳሶቹ ነጭ ፀጉር አውጥተዋል። ሲያዩዋቸው የታመመ ነገር ይመስላሉ። ጣልናቸው። ሴቶቹ እየዘፈኑ፣ ወንዶቹ ማን አርቆ ይወረውራል እያሉ። አባንግ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ወረወረችና ከሁሉም አራቀች። "ባልሽን ነው የወረወርሽው?" አሏት። "እሱማ ከዚህም ርቆ ይሄዳል" አለች።

ጥሩ ቀን ነበር። ጥሩ ቀን ሲሆን የምፈራው ለምንድን ነው?

ጥር 27

ዛሬ ስደርስ አንድ ነገር ጎደለ። ከመኪናው ወረድኩ፣ ቆምኩ፣ ዙሪያዬን አየሁ። ምን እንደሆነ አላወቅሁትም። የሆነ ሰው የሄደ መሰለኝ። 

ሽታው ነው። የለም።

ናዝሬት ጮኸች፣ ዘለለች። ፎቶ አነሳች። "ሽታ በፎቶ አይታይም" ብያት ሁለታችንም ሳቅን።

የካቲት 4

ወለሉ ይታያል። አንድ የላስቲክ ጫማ ታች ተኝቷል፣ የልጅ። ቆሮሶዎች በላዩ ያልፋሉ። በዚህ ኩሬ ውስጥ ዓሣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ በመረብ ሲወጣ ካልሆነ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዲት ሴት መጣች። ቢጫ ጄሪካኗን አጋደመች። ቡልቅ ቡልቅ እያለ ሲሞላ ዝም ብዬ አያለሁ።

"ለልብስ ነው?"

"ለምን ለልብስ? ለመጠጥ ነው እንጂ።"

"ኧረ ይሄ አይጠጣም!"

ቀና ብላ አየችኝ። ያላገጥኩባት ነው የመሰላት። "ቀምሰሽ ሰጠሽን አይደል እንዴ?"

የበርሜሉን ነው የቀመስኩት... ልላት ነበር። አልኳትም መሰለኝ። ግን ጄሪካኑን ተሸክማ ሄዳ ነበር። 

ሁሉም እንደዚህ ነው የገባቸው? ኦቹዶ "ቀመሰች" ሲሉ ምን ማለታቸው ነበር? ውሃው ዳር ቆሜ፣ በኩባያ፣ በሰው ፊት። እናቴ ብታየኝ እሷም እንደዚያ ነበር የሚገባት።

የካቲት 6

ትናንት ከኩሬው ውሃ ናሙና ወስጄ ነበር። ናሙናው ያለበት ሳህን ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ በአርባ አራት ዲግሪ ሙቀት ያድራል። ናዝሬት፣ "በጋምቤላ ሳጥኑ ለምን ይሰካል፣ ደጅ አስቀምጪው" ብላ ቀለደች።

ዛሬ ከፈትኩት። ቢጫ ነጥቦች። ሳህኑን ሞልተውታል፣ አንዱ በአንዱ ላይ። እያንዳንዱ ነጥብ ከሰው ዓይነ ምድር የመጣ ነው። ደጎቹ ዝቃጩን በልተዋል፤ እነዚህን ግን አልጨረሷቸውም። ሽንት ቤቶቹ እንደሆነ ዛሬም ወደዚያው ይፈስሳሉ።

ለናዝሬት አሳየኋት። ቀልዷ ጠፋ። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብዙ አየችው።

"ይጠጣል አላልንም እኮ" አለች። "ይጠራል ነው ያልነው።"

"እነሱ ግን እየጠጡት ነው።"

"ሽታ እያለ ማንም አይነካውም ነበር..." ብላ ጀምራ ተወችው።

እኔም ማታ እሱኑ ሳስብ ነበር። ሽታው አጥር ነበር። አጥሩን እኔ ነኝ ያነሳሁት።

የካቲት 9

ናዝሬት የምትችለውን እያደረገች ነው። ምልክት አስተከለች፣ በሦስት ቋንቋ፣ የተሰረዘ ኩባያ ሥዕል ያለበት። ክሎሪን አስመጣች። ቤት ለቤት ዞርን። ቀድሞ ይቀዱበት የነበረው ቦኖ ከገና ወዲህ ደርቋል፣ የሚሠራው ሩቅ ነው፣ ባሮ ከዚያም ይርቃል። ሙቀቱ ደግሞ...

አንዱ ቤት ያለው ሰውዬ ክሎሪኑን አሽትቶ መለሰልኝ። "መድኃኒት የገባበት ውሃ ላይ ደግሞ መድኃኒት?"

ምልክቱ ላይ ዛሬ የልጅ ልብስ ታጥቦ ተሰጥቶ አየሁ።

ኦቹዶ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቢጫዎቹን፣ በርሜሉን፣ ሁሉንም። አዳመጡኝ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ "ልጄ፣ ሰው ቀምሶ የሰጠውን መልሶ አይቀማም" አሉ።

"የቀማሁ አይደለም አባቴ..."

"ሰዎቹ ዓይናቸው ያየውን ነው የሚያምኑት። ያኔ ጠጣሽ። ዛሬ ትናገሪያለሽ።" ከዚያ በለሆሳስ፣ "የሚጠጣው ውሃ ስንት እንደሚርቅ አንቺ ተሸክመሽው ታውቂያለሽ?" 

አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ ተሸክሜዋለሁ። አሁን ግን ክፍሌ ከተማ ውስጥ ነው፣ ቧንቧው በር ላይ።

የካቲት 13

አባንግ ቤት። ማድጋዋን ከፈትኩ። ያን ያህል ጥርት ያለ ውሃ... የኩሬው ነው። ሳልጠይቃት አወቅሁ።

"ድፊው።"

"ምን?"

"ድፊው አልኩሽ።"

ማድጋው ላይ እጇን አደረገች። "አንቺ በሰው ሁሉ ፊት ጠጥተሽ፣ እኔ እህትሽ አልጠጣም ልበል? ምን ይሉኛል? እህቷ እንኳ አላመነቻትም አይሉም?"

"አባንግ፣ ሆድሽ..."

"ስለ ሆዴ አታውሪ!"

ደንብ ጥሼአለሁ። ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ክሎሪኑን መደብ ላይ አስቀምጬላት ወጣሁ። "ይገማል" አለች ከኋላዬ። "የሆስፒታል ሽታ ነው ያለው። ያን ሽታ አልፈልገውም።" 

ገባኝ። ሁለቱም ጊዜ ሆስፒታል ነበር የወጡባት።

የካቲት 20

ምንም የለም። ሁሉ ደህና ነው። አንድም ሰው አልታመመም። እኔ ነኝ የማበዛው ይሆን?

ባጃጅ ክላክስ ባደረገ ቁጥር፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ግን...

የካቲት 26

አባንግ።

የካቲት 28

ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ከትናንት በስቲያ ሲደወልልኝ "ሆዷን አሟታል" ብቻ ነው ያሉኝ። ስደርስ ዓይኗ ገብቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ትኩሳት፣ ተቅማጥ፣ ማስመለስ። በባጃጅ ስንመጣ ጉድጓድ በነካን ቁጥር እጇ ሆዷን ይይዝ ነበር። እኔም እጇን።

ነርሷ በእንጨት ማዳመጫ ጡሩምባዋ ሆዷን ታዳምጣለች። ፊቷን አያለሁ። የሰው ፊት እንደዚያ አንብቤ አላውቅም። ረጅም... በጣም ረጅም... ከዚያ "አለ" አለችኝ። "ልቡ አለ።"

ግሉኮስ፣ መርፌ። ሐኪሙ "ምን ዓይነት ውሃ ነው የምትጠጣው?" አለኝ። እኔን ነው የጠየቀው። ተርጓሚ አድርጎኝ ነው። ለአባንግ ተርጉሜ ልጠይቃት ይገባ ነበር። አልተረጎምኩም። "የኩሬ" አልኩት ራሴ።

"በዚህ ዘመን?" አለ። 

የካቲት 30

ከዚያው ሰፈር አንድ ሕፃን ገባ። ተመሳሳይ ነገር። ከምሳ በኋላ ደግሞ አንዲት አሮጊት። የሕፃኑ እናት ሰላም አለችኝ፣ በደስታ። "አንቺ እዚህ ስላለሽ ደኅና ነን" አለች።

ጣሪያውን ሳይ ዋልኩ።

መጋቢት 2

ተሻላት። ወጣን። ቤቷ ወሰድኳት፣ እኔም እዚያው ላድር ነው እስክትጠነክር። ከከተማ በጄሪካን ውሃ ይዤ መጥቻለሁ። አስተኛኋት። የእኔን ውሃ በኩባያ ሰጠኋት፣ መጀመሪያ ቀምሼ።

ጎንጨት አደረገችና መለሰችው። "ይሄ ብረት ብረት ይላል። ከኩሬው አምጪልኝ።"

ሳቅኩ መሰለኝ። ወይ አለቀስኩ።

"የገደለሽ እሱ ነው እኮ!"

"አልሞትኩም።" ዓይኗን ጨፍና ነው የምትናገረው። "የታመምኩት ከገበያ በበላሁት ዓሣ ነው። ኦቹዶም እንደዚያ አሉ። ውሃው አንቺ የሰጠሽን ነው፣ አጅዋንግ። ውሃሽ ቢሆን ኖሮማ መጀመሪያ አንቺ ነበርሽ የምትሞቺው።"

ይሄ የገዛ ቋንቋዬ ነው። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ከውስጥ ሆኜ ልሰብረው አልቻልኩም።

መጋቢት 4

ናዝሬት መጣች። አባንግን ጠየቀቻት፣ ብርቱካን አመጣችላት። ከዚያ ውጭ ጠርታ ነገረችኝ። የኩሬው ምረቃ ቀን ተቆርጧል። እንግዶች ይመጣሉ፣ ከክልልም፣ ከአዲስ አበባም። አንዱ ትልቅ ሰው ከኩሬው ኩባያ ቀድቶ ሊያነሳ አስቧል፣ ለፎቶ። አይጠጣውም፣ ከንፈሩን ያስነካል ብቻ።

"አስቁሚው" አልኳት።

"ሞከርኩ። ከንፈር ማስነካት ምን አለው ይሉኛል።" 

እሷ አይገባትም። ከንፈር ማስነካትማ ሁሉ ነገር ነው። አንድ ትልቅ ሰው ከዚያ ውሃ በሕዝብ ፊት ከቀመሰ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ልጆቻቸው፣ የልጆቻቸው ልጆች...

ከምረቃው በፊት የፈሳሹንና የሞላሰሱን ሁለተኛ ዙር እንድጨምር አዘዘችኝ። በርሜሎቹ ያሉበትን ኮንቴይነር ቁልፍ ሰጠችኝ። "ሞላሰሱን ጥቂት በጥቂት። ከበዛ አደራ! ተሕዋስያኑ ስኳሩን ሲያገኙ ይራባሉ፣ የውሃውን አየር ሁሉ ይጨርሱበታል። በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን አይቆይም፣ ይጠቁርና ይገማል። ከበፊቱ የባሰ።"

"ከበዛ ስንል... ምን ያህል ነው የሚበዛው?"

"ለምን ጠየቅሽ?"

"እንዳልሳሳት።"

ነገረችኝ።

መጋቢት 5

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። ስቀመጥ ይወጋኛል።

ዓሣዎቹ ይሞታሉ። ሴቶቹ ወደ ሩቁ ቦኖ ይመለሳሉ፣ በዚህ ፀሐይ። ናዝሬት ትዋረዳለች፣ ምናልባት ከሥራም... እኔም። ሰው ኩሬውን ከጠላ ግን አይጠጣውም። የሚፈራው አፍንጫው ያሸተተውን ብቻ ነው። ምልክት አይፈራም፣ ክሎሪን አይፈራም፣ የእኔን ቃልም አይፈራም።

ሌላ መንገድ አለ? ካለ አሁን ይታየኝ። አሁን።

አባንግ ዛሬ ራሷ ተነስታ ከኩሬው ቀዳች። ስመለስ እየጠጣች ነበር የደረስኩት።

መጋቢት 6፣ እሑድ

ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አባንግም "ቀስ እያልኩ እሄዳለሁ" ብላ ሄደች። "አንቺስ?" አለችኝ። "ራሴን ያመኛል።" 

ኮንቴይነሩን ከፈትኩ። በርሜሎቹን አንከባለልኩ። ሞላሰስ እንደ ውሃ አይፈስም፣ አይቸኩልም። ጥቁር ምላስ ሆኖ ቀስ ብሎ ይገባል። መዝሙሩ ይሰማኛል፣ ከበሮውም። የአባንግን ድምፅ ከመሀሉ ፈለግሁት። ጌታ ሆይ ልል ጀመርኩና አፈርኩ። ምን ብዬ ልጨርሰው?

ያ የልጅ ጫማ ታች ነበር። እስኪጋረድ ድረስ አየሁት።

የመጨረሻው በርሜል ሳያልቅ መዝሙሩ ቆመ። ስብከት ጀመሩ ማለት ነው። እጄን በአሸዋ አሸሁ፣ በውሃ አሸሁ። ሲመለሱ አልጋ ላይ ነበርኩ። አባንግ ግንባሬን ዳሰሰችኝ። "ትኩሳት የለሽም" አለች።

መጋቢት 8

ቆሮሶዎቹ ትናንት ጠዋት አፋቸውን ከፍተው ላይ ላዩን ነበሩ። ዛሬ ነጭ ሆዳቸው። አምባዛው ብቻ ነው የተረፈው፣ ላይ እየወጣ አየር እየሳበ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ። ሸተተ። እንደ ተበላሸ እንቁላል።

"ተመስገን" አልኩ። ጮክ ብዬ። ከዚያ አፌን ያዝኩ።

መጋቢት 9

ማንም አልቀዳም። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው ጠዋት ወደ ቦኖው ሲሄዱ አየኋቸው፣ በመስመር። አንዷ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር። ያቺ ስብሰባው ላይ በአባንግ ባል የቀለደችዋ ናት። ዛሬ አልቀለደችም። እኔም ከኋላቸው ተሰልፌ ቀዳሁ።

አባንግ የቦኖውን ውሃ ጠጣች። ምርጫ የላትም። ሽታው ቤት ውስጥ ድረስ ገብቷል፣ እሷ አፍንጫዋን በነጠላ ጠቅልላ ትተኛለች። ሲመሽ ሳላስበው እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ረገጠኝ። ወይ ረገጠችኝ።

እስክትተኛ እጄን አላነሳሁም።

መጋቢት 10

ናዝሬት። ከመኪና ወርዳ ኩሬው ዳር ቆመች፣ ብዙ። ከዚያ ኮንቴይነሩ። ከዚያ እኔ።

"በርሜሎቹ ባዶ ናቸው።"

"አዎ።"

መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው። ያለ መነጽር ልጅ ነው የምትመስለው። "ይሄን ኩሬ በሕልሜ ሁሉ አየው ነበር፣ አጅዋንግ።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ።"

"እከለክልሽ ነበር" አለች። ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ አየች፣ አይታይም ከዚያ፣ ግን አየች። "የታመመ ሌላ አለ?"

"ካሸተተ ወዲህ የለም።"

ምረቃው ቀርቷል። ቁልፉን እጇ ላይ አደረግሁላት። ደህና ሁኚ አላለችኝም። መኪናው ውስጥ ሆና ግን ወዲያው አልሄደችም። ሞተሩ እየሠራ ቆየ።

መጋቢት 12

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያልነበርኩት እኔ ብቻ እንደነበርኩ ሰው ቆጥሯል። ባዶ በርሜሎቹን አይተዋል። ሰላም ስል ይመልሱልኛል፣ ግን ሳያዩኝ። ቦኖ ላይ ጄሪካኔን ስደረድር ከጎኔ ያለው ቦታ ባዶ ይሆናል።

ቀምሶ ሰጥቶ ከዚያ የሚያበላሽ ሰው... በቋንቋችን ስም አለው። አልጽፈውም። ልጅ ሆኜ ያ ስም የተሰጠው አንድ ሰው ነበር፣ ከሰፈራችን። ቤቱን አስታውሳለሁ። እሱን አላስታውሰውም። አንድ ቀን ቤቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ወደ ከተማ ልመለስ? አባንግን ትቼ? ይዣትስ ብሄድ እሷም ታውቅ ነበር አይሉም?

መጋቢት 14

ምሳ እየበላን ነበር። አባንግ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"ሽታውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?"

የምላት ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፣ ለዚህ ቀን። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ዝቃጩ።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ሳህኑን ገፋ አደረገችው። "ለእኔ ብለሽ ነው?"

"ላንቺም። ለሁሉም... ላንቺ ነው።"

"ሴቶቹ እንዴት እንደሚመላለሱ ታያለሽ?"

"አያለሁ።"

"አሁን ምን ብዬ ላምንሽ ነው?" 

ሆዷን ደገፍ አድርጋ ተነሳች፣ ሳህኖቹን ሰበሰበች፣ የእኔንም። ከዚያ ይህን ደብተር ይዤ ጥግ ተቀመጥኩ።

ውጭ ሰው አለ። ብዙ እግር። መጀመሪያ ልጆች መስለውኝ ነበር። አይደሉም። የኦቹዶ ሳል። ከዚያ የሴቶች ድምፅ፣ ዝቅ ያለ። አንድ ሰው ስሜን ጠራ። "አጅዋንግ!" አንድ ጊዜ ብቻ።

ልነሳ ስል አባንግ እጇን ዘረጋች። "ቁጭ በይ።"

"የሚፈልጉት እኔን ነው።"

"ሰምቻለሁ። ቁጭ በይ አልኩሽ።"

እንዲህ አዝዛኝ አታውቅም፣ ታናሼ ናት። ተቀመጥኩ። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ቀስ ብላ ነው የምትራመደው፣ ከብዷታል። በሩን ከፈተች፣ ብርሃኑ ገባ፣ ሽታውም፣ ኦቹዶ ቆመው አየኋቸው፣ ከኋላቸው ብዙ ሰው።

"ምን ልትያቸው ነው?" አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ያንን አስተያየት አላውቀውም።

ወጣች። የቆርቆሮውን በር ከውጭ ዘጋችው፤ ጀርባዋን ስታስደግፍበት ቆርቆሮው ጮኸ።